ወይዘሮ ምንማለትዎ እና ፈተና አውጪው ማሽን

አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ የራሷን ስም ያጣች ሴት ነበረች። ስሟን ማንም አልወሰደባትም፤ ያስወሰዳት የገዛ አፏ ነው። የአፈር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ናት። መምህራኑ በእስክሪብቶ የሞነጫጨሩትን ፈተና ይዘውላት ይመጣሉ፣ እሷ ደግሞ ሰው የሚያነበው ወረቀት አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ታዲያ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳትደርስ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ትሰቅልና፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ እዚህ ጋ ምን ማለትዎ ነው?» ትላለች። «የአፈርን ጥቅም አብራራ» የሚል ጥያቄ ካየችማ አለቀ። «ለማን የሚጠቅመውን? በስንት መስመር? ከስንት ነጥብ?» እያለች ታፋጥጣለች። አንዱ ነገረኛ መምህር «ወይዘሮ ምንማለትዎ» አላት፤ ሌሎቹም ተቀባበሉት፤ እያደር የእውነት ስም መሰለ። አንድ ቀን አዲስ ተማሪ በሩን አንኳኩቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ወይዘሮ ምንማለትዎን ፈልጌ ነበር» ቢላት፣ «ራሴ ነኝ፣ ግባ» አለችው። ምን ታድርግ!

ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ማብቂያ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አንድ በር ቀደም ብሎ ነው። በሩ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም። ጠረጴዛዋ ላይ በተነጠፈው መስታወት ሥር የመምህራን ስልክ ዝርዝር አለ፤ ከዝርዝሩ ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሦስቱ በሕይወት የሉም፣ ዝርዝሩ ይታደስ ብላ የጻፈችው ደብዳቤ ግን ዛሬም «በሂደት ላይ» ነው።

ከመምህራኑ ሁሉ አብዝተው የሚያለፏት ዶክተር በአጭሩ ናቸው። ይህም ቅጽል ነው፤ «በአጭሩ» ሳይሉ አይጀምሩም፣ ከጀመሩ ደግሞ አይጨርሱም። ዕድሜያቸው ስድሳን ተሻግሯል። ስለ አፈር የማያውቁት ነገር የለም ይባላል፤ እሳቸውም ይህን አባባል ተቃውመው አያውቁም። እሷን ሲያገኟት፣ «አንቺ ሴትዮ ፖሊስ ብትሆኚ ኖሮ አገሩ ሌባ አይኖረውም ነበር» ይሏታል። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየላትም።

እንዲህ ሆነው ሲኖሩ ከዲኑ ቢሮ ደብዳቤ ወጣ። ከዚህ መንፈቅ ጀምሮ ማንኛውም መምህር ፈተናውን፣ የትምህርት ዕቅዱንና ለተማሪ የሚሰጠውን አስተያየት በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ እንዲያዘጋጅ ታዟል። የታዘዘበት ምክንያት በደብዳቤው ላይ «ከዘመኑ ጋር ለመራመድ» ተብሏል። ዘመኑ ወዴት እየተራመደ እንደሆነ አልተገለጸም።

ለዚሁ ሥራ የሦስት ቀን ሥልጠና በትልቁ አዳራሽ ተዘጋጀ። የምስክር ወረቀቱ የተሰጠው በመጀመሪያው ቀን ስለነበር በሦስተኛው ቀን አዳራሹ ነፋስ ገባበት። ወይዘሮ ምንማለትዎ አልተጋበዘችም። ስም እንድታስፈርምና የታሸገ ውሃ እንድታድል ግን ታዝዛለች። ስለዚህ በሩ አጠገብ አንዲት ወንበር ስባ፣ የፊርማውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሦስቱንም ቀን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሰማች ብቸኛ ሰው እሷ ሆነች።

አሠልጣኙ ጉንጩ ላይ ማይክሮፎን የለጠፈ፣ እንደ መትረየስ የሚንጣጣ ወጣት ነው። «ፕሮምፕት ማለት ለማሽኑ የምትጽፉለት ትእዛዝ ነው» አለ። «መጀመሪያ ማንነት ስጡት! ‹አንተ የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለህ ፕሮፌሰር ነህ› በሉት!»

ከኋላ አንድ ሸበቶ መምህር እጃቸውን አወጡ። «ይቅርታ ልጄ። እኔ ሠላሳ ዓመት ለፍቼ ያላገኘሁትን ማዕረግ ነው እንዴ ለማሽኑ በአንድ መስመር የምሰጠው?»

አዳራሹ ሳቀ፤ አሠልጣኙ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ግን ቁም ነገር ተናገረ። ማሽኑ ያልነገሩትን አያውቅም፤ ለማን፣ ከየትኛው ጽሑፍ፣ ምን ያህል፣ በምን መልክ እንደሚፈልጉ ዘርዝረው ካልጻፉለት ክፍተቱን ከራሱ ይሞላል፤ የሰጠውንም መልሰው ካላጣሩ ራሳቸውን ያዋርዳሉ። ይህን ሲል አዳራሹ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር፣ ከእነሱም አራቱ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ወይዘሮ ምንማለትዎ በፊርማው ወረቀት ጀርባ ቃል በቃል ጻፈችው። ሃያ ሁለት ዓመት ስትሰደብበት የኖረችውን ነገር አንድ ሰው በማይክሮፎን ሲናገረው ደመወዝ እንደሚያስገኝ ያን ዕለት አወቀች።

ከሥልጠናው በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ፈተና ከእንግዲህ በጸሐፊ በኩል አያልፍም፤ መምህሩ ከማሽኑ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ማባዣ ክፍል ይልካል። ለእሷ ማኅተሙና የመጋዘኑ ቁልፍ ቀሩላት። ሳምንት ሙሉ ቢሮዋ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ብቻ ሆነ። መምህራኑ በኮሪደሩ ሲያልፉ ከትከሻቸው ሸክም እንደወረደላቸው ሰው ያፏጫሉ። ምንም የማይጠይቅ ጸሐፊ አግኝተዋላ!

የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና ደረሰ። ዶክተር በአጭሩ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው ሁለት ቃል ጻፉ፤ «ፈተና አውጣ።» በሕይወታቸው አንድን ነገር በእውነት በአጭሩ የተናገሩት ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ማሽኑም የምን፣ ለማን ሳይል እጅ ነስቶ አወጣ። እሳቸውም አላነበቡትም፤ ማንበብ ከዘመኑ ጋር አያራምድማ። ወደ ማባዣ ክፍል ላኩት፣ ማባዣ ክፍሉም ሥራው ማባዛት ነውና አባዛው።

ሰማንያ ሁለት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ወረቀታቸውን ሲገልጡ አናቱ ላይ በደማቁ «እዚህ ላይ የትምህርቱን ስም ያስገቡ» ይላል። ታዛዥ ተማሪዎች አስገቡ። አራተኛው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ስለሚኖር አፈር ነው፤ በዚያ አገር የማይቀልጥ በረዶ ያለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው። ሰባተኛው «ከላይ የተመለከተውን ሥዕል በመጠቀም» ይላል፤ ከላይ ያለው ስድስተኛው ጥያቄ ብቻ ነው። ከሁሉም የባሰው ግን የመጨረሻው መስመር ነበር፤ «ከፈለጉ ፈተናውን ከበድ ወይም ቀለል ላደርግልዎ እችላለሁ። የትኛው ይሻልዎታል?» ሰባ አንድ ተማሪዎች «ቀለል» ብለው መለሱ። በዚያ ፈተና ያለ ጥርጥር የተመለሰ ጥያቄ ቢኖር እሱ ነው።

ወረቀቱ ፎቶ ተነስቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘል ዋለ። ማታ የዲኑ ሚስት ሳትቀር አይታ ሳቀች ተባለ፤ ዲኑን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። በማግሥቱ ዶክተሩን አስጠሩ።

«በአጭሩ» አሉ ዶክተሩ፣ ሩብ ሰዓት ተናግረው ሲያበቁ፣ «የጽሕፈት ስህተት ነው። ጽሕፈት ደግሞ የጸሐፊ ነው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዶክተሩ አንጋፋ ናቸው፣ የሴኔት አባል ናቸው፣ ዲኑንም አስተምረዋቸዋል። ወይዘሮ ምንማለትዎ ደግሞ ማኅተምና ቁልፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት ናት። በቸልተኝነት ለተፈጸመ ጥፋት ማብራሪያ እንድትሰጥ ደብዳቤ ተረቀቀ። የዲኑ ጸሐፊ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች፣ ደብዳቤውን እንድትጽፈው የተሰጣት ራሷ ወይዘሮ ምንማለትዎ ነበረች።

ቁጭ ብላ ጻፈችው። ሁለት የፊደል ግድፈት አረመች። ከዚያ ረቂቁን ይዛ ወደ ዲኑ ገባችና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ‹በቸልተኝነት› ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? የትኛውን ሥራ ችላ ብዬ?» አለች።

ዲኑ ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። «እትዬ፣ እባክዎ ዝም ብለው ይጻፉት። ማብራሪያውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ጻፈች፣ ማኅተም መታች፣ ለራሷ አስረከበች፣ መቀበሏንም ፈረመች።

ያን ዕለት ቤቷ የገባችው ከወትሮው ቀደም ብላ ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ይውላል። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። አነበበና መርፌዋን ከከንፈሩ አወጣ።

«ሰውየው ማሽኑን ምን ብሎ ነው ያዘዘው?»

«ፈተና አውጣ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ባሏ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «አንድ ሰው ከመንገድ ገብቶ ‹ሱሪ ስፋልኝ› ብሎኝ ሳይለካ ቢወጣ የማንን ወገብ ላስብ? እሰፋለሁ፤ ግን ለማን እንደሚሆን አንድዬ ይወቅ።» ከዚያ አያት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሳቁን ገታና ወንበር ሳበላት። «ነይ እስቲ ተቀመጪ። ያቺን ‹ፈተና በጸሐፊ በኩል አያልፍም› የምትለዋን ደብዳቤ አስቀምጠሻታል?»

«እኔ ደብዳቤ የምጥል ሰው እመስልሃለሁ?»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ማስለቀሱስ እሱ አይደለም» አለች፣ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ሃያ ሁለት ዓመት ፊደሉን ስለቅምለት የኖርኩለት ሰው ዓይኔን ሳያይ ‹እሷ ናት› አለ። እንዲያው ትንሽ እንኳ ቢያፍር!»

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዲኑ ሰብሳቢ፣ ሁለት መምህራን አባላት፣ ዶክተሩ ቅሬታ አቅራቢ፣ እሷ ተከሳሽ። ፈተና በጸሐፊ በኩል አያልፍም የሚለውን፣ ቁጥርና ቀን ያለበትን ደብዳቤ ከፋይሏ አውጥታ አስቀመጠች። ዲኑ አነበቡት። ከሥር ያለው ፊርማ የራሳቸው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ዕለት ወረቀቱ የያዘው ዲኑን ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ብዕራቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ፤ በመጨረሻም ጥፋተኛ መፈለግ አሁን አስፈላጊ እንዳልሆነ፣ ዋናው ነገር ሰኞ የሚሰጠው ምትክ ፈተና እንደሆነ አስታወቁ። ጥፋተኛው ሲታወቅ መፈለጉ የሚቆምበት ቦታ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

«ዶክተር፣ እዚሁ ቢያወጡት፣ ሁላችንም እያየን» አሉ ዲኑ።

ዶክተር በአጭሩ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ። ከስህተታቸው መማራቸውን ለማሳየት ቃል ጨመሩ፤ «ጥሩ ፈተና አውጣ።» ማሽኑ አወጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጨረቃ አፈር ነበር።

ወይዘሮ ምንማለትዎ ምላሷን ልትነክስ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«ዶክተር፣ ‹ጥሩ› ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ጥሩ ነዋ! ጥሩ አታውቂም?»

«እኔ አውቅ ይሆናል። እሱ ግን አያውቅም። ለስንተኛ ዓመት ነው?»

«ለሁለተኛ።»

ወንበሯን ስባ ከጎናቸው ተቀመጠችና ራሷ መጻፍ ጀመረች። «እስካሁን ምን አስተማሯቸው?»

«በአጭሩ፣ የአፈር አፈጣጠር፣ የአፈር ዓይነቶች…»

«መሸርሸርን አስተምረዋል?»

ዶክተሩ ኮርኒሱን አዩ። «እሱን ልጀምር ስል በዓል ገባብን።»

«እንግዲያው ስለ መሸርሸር አትጠይቅ ብዬ ልጻፍለት። ሰዓቱስ ስንት ነው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«በአንድ ሰዓት ተኩል ስንት ጥያቄ ይሠራሉ? እርስዎ ሳይሆኑ እነሱ።»

«እ… አሥራ ሁለት።»

«ሸምድደው የሚመልሱት ይበዛል ወይስ አስበው?»

እንዲህ እያለች ሃያ ደቂቃ አደረቀቻቸው። አንደኛው የኮሚቴ አባል ቀስ ብሎ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። የዶክተሩን የማስተማሪያ ጽሑፍ ሃምሳ አራቱንም ገጽ ከኮምፒውተሩ ፈልጋ አያያዘች። ከዚያ ጻፈች፤ ጥያቄዎቹ ከዚህ ጽሑፍ ብቻ ይውጡ፤ ስምንቱ አጭር፣ አራቱ ተማሪው ከማሳ የመጣ አፈር ተሰጥቶት እንዲፈርድ የሚያደርጉ ይሁኑ፤ ለእያንዳንዱ መልሱ፣ ነጥብ አሰጣጡና የተወሰደበት ገጽ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሥዕል አትጥቀስ፤ እርግጠኛ ያልሆንክበት ካለ ከራስህ አትሙላ፣ ንገረኝ።

ማሽኑ አወጣ። ዲኑ አነበቡና፣ «ኧረ ይሄስ ፈተና ነው!» አሉ፣ እንደተገረመ ሰው።

«ቆይ ጌታዬ» አለች እሷ። «ዘጠነኛውን ይዩት። ገጽ ስልሳ አንድ ይላል። ጽሑፉ የሚያልቀው ሃምሳ አራት ላይ ነው።»

ማሽኑ እንደዚያ ሁሉ ተዘርዝሮለትም የሌለ ገጽ ፈጥሯል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በዚህ በኩል ከአንዳንድ አንጋፋ ምሁራን ብዙም እንደማይለይ በልቧ አሰበች፣ በአፏ ግን አላወጣችም። ዶክተሩ ዘጠነኛውን ጥያቄ ራሳቸው አወጡ። በእጃቸው ጻፉት፣ እሷም አንዴ ብቻ ጠይቃ ገለበጠችው።

ምትክ ፈተናው ሰኞ ተሰጠ። ያጠኑት አለፉ፣ ያላጠኑት ወደቁ፣ ማንም ፎቶ አላነሳውም። የማብራሪያ ደብዳቤው ግን አልተሻረም፤ «ፋይሉ ተዘግቷል» ተባለች። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አልሰማችም። በወሩ ዶክተር በአጭሩ «ውጤታማ የፕሮምፕት አጻጻፍ ለከፍተኛ ትምህርት» የሚል አርባ ስምንት ገጽ መመሪያ አዘጋጅተው በአንድ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። በምስጋናው ገጽ ሥር «ጽሑፉን ለተየበችው» ተብሎ ተጠቅሳለች። የተየበችው እሷ ስለሆነች ይህን አልዋሹም።

መምህራኑ ግን ሥራው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ማፏጨታቸውን ትተው አንድ በአንድ በሩን ከፍ አድርገው እየገፉ መግባት ጀመሩ። አንዱ ወጣት መምህር ለተማሪዎቹ ጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥለት ማሽኑን ጠይቆ ኖሯል፤ ለሁሉም «እጅግ ድንቅ ሥራ ነው» ብሎለታል፣ ባዶ ወረቀት ላስገባው ጭምር።

«ምን ብለህ ጠየቅከው?» አለችው።

«አስተያየት ስጥ።»

«ሰጠሃ! እስቲ አንተ ወረቀቱን ስታርም የምታየውን ሦስት ነገር ንገረኝ፤ እሱን እንጻፍለት። ደግሞ ስማቸውን ከላዩ አውጣ የኔ ልጅ፤ የሰው ልጅ ውጤት አደባባይ አይሰጣም።»

በዚህ ዓይነት ቀኗ ሞላ። ማዕረጓ ያው፣ ወንበሯ ያው ነው፤ ሥራዋ ግን በእጥፍ ጨመረ። በቤት ባሏ፣ «ምነው ዝም ብለሽ በተቀመጥሽ ኖሮ!» እያለ ያሾፍባታል።

አንድ ነገር ግን እያደር ያሳስባት ጀመር። የዶክተሩን ጽሑፍ ከተማሪዎቹ ደብተር ጋር ስታስተያይ አይገጥምም። ደብተሩ ውስጥ ያለው ጽሑፉ ላይ የለም። ለማሽኑ የምትሰጠው ወረቀት ክፍል ውስጥ የሚባለውን የማያውቅ ከሆነ ፈተናው ምን ጊዜም ጎዶሎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የአፈር ፈተና ጽፋለች፤ አንድም ቀን ስለ አፈር ሲስተማር ሰምታ አታውቅም። ማክሰኞ ጠዋት በሯን ከፍ አድርጋ ዘጋችና፣ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ፣ ወደ መማሪያ ክፍሉ ወርዳ ከኋላ ተቀመጠች።

ዶክተሩ ገቡ። አላዩአትም። ለመሳቅ ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን ጽሑፋቸውን አልገለጡም፤ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ አፈር አወጡ፣ ውሃ ጠብ አደረጉበት፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል እያድበለበሉ እንደ ጥብጣብ ገፉት። ጥብጣቡ ረዘመ። ሌላ አፈር አወጡ፤ ያኛው ገና ሳይረዝም ተፈረካከሰ።

«እጃችሁ ከመጽሐፍ ቀድሞ ያውቃል» አሉ፣ በዝግታ። «ይሄ ሸክላ ይበዛዋል፣ ውሃ ይዞ አይለቅም። ይሄኛው አሸዋ ነው፣ የሰጡትን አይዝም። ኑ፣ ንኩት።» ሰማንያ ሁለት ተማሪዎች ግር ብለው ወደ ፊት ወጡ። እጃቸው በጭቃ ተለቀለቀ፣ ክፍሉ በሳቅና በክርክር ሞላ፣ ሽማግሌውም መሐላቸው ቆመው ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። ወይዘሮ ምንማለትዎ መጻፍ ረስታ ቆየች። እንዲህ ያለ ነገር በሃምሳ አራቱ ገጽ ውስጥ አንድ መስመር አልነበረም። ሳታስበው እሷም ተነስታ ተሰልፋ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ዶክተሩ ቀና አሉና ደነገጡ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምን እንደሚያስተምሩ ልሰማ ነው። ለማሽኑ የምነግረው አጥቼ።»

ጭቃውን እጇ ላይ አደረጉላት። ገፋችው፤ ጥብጣቡ በረጅሙ ወጣ።

«ታዲያ እንዴት ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድም ተማሪ እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ።

«ከጽሑፍዎ በጣም ይሻላል» አለች። «ለምን አይጽፉትም ይሄን?»

«እንዴት ተብሎ ይጻፋል ይሄ?» አሉና እጃቸውን አዩት። «ያን ጊዜ… በኮሚቴው ነገር…» ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱትም። እሷም አልጠየቀችም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር እንዳለ የተወችላቸው ያኔ ብቻ ነው።

«ሐሙስ ስለ ውሃ ነው» አሉ ቆይተው። «ሦስት ሰዓት ላይ። ትመጫለሽ?»

«እርስዎ የሚገቡት ሦስት ተኩል ላይ ነው፤ ተማሪዎቹ ነግረውኛል» አለች፣ እጇን በሻርፗ እየጠረገች። «ሦስት ተኩል ላይ እመጣለሁ።»